የጥንት ሮም ሳንቲም ያለበት ጌጣጌጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሮም ቄሳር ፊት ያለበት ሳንቲም በወርቅ ታቅፎ አንገት ላይ ሲንጠለጠል እንዴት እንደሚያምር! የጣሊያኑ ጌጣጌጥ ቤት ቡልጋሪ ከ1960ዎቹ ጀምሮ "ሞኔቴ" ብሎ የሚሰራው ይሄንኑ ነው፣ አሁን ደግሞ ትንንሽ ወርቅ ቤቶችም እየሰሩት ኢንስታግራም ላይ በብዛት ይሸጣል። ግን ስለሱ የሚወራው ብዙው ልክ አይደለም፣ ሰውም በዛ ምክንያት ወይ የማይገባ ገንዘብ ይከፍላል ወይ ደህናውን ሳንቲም ያበላሸዋል።

"ሁለት ሺ ዓመት ገደማ የቆየ ከሆነ በጣም ውድ ነው"

አይደለም። ሮማውያን ለወታደር ደሞዝ ብለው በሚሊዮን የሚቆጠር ሳንቲም ነው የመቱት፣ ሰውም ያጠራቀመውን በእንስራ አርጎ መሬት ውስጥ ይቀብር ነበር፣ ብዙው ባለቤቱ ሳይመለስበት እዛው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2010 እንግሊዝ አገር ፍሮም አጠገብ አንድ ሰው በብረት መፈለጊያ መሳሪያ ያገኘው አንድ እንስራ ብቻውን 52,503 ሳንቲም ነበረበት። በ2016 ደግሞ ስፔን፣ ሴቪያ አጠገብ ቶማሬስ የሚባል ቦታ ሰራተኞች ቦይ ሲቆፍሩ 19 እንስራ ሙሉ፣ ወደ 600 ኪሎ የሚመዝን የነሐስ ሳንቲም ወጣ። ስለዚህ የቆስጠንጢኖስና የልጆቹ ትንንሽ የነሐስ ሳንቲሞች ዛሬም በአስርና በሃያ ዶላር ይገኛሉ። ዋጋውን የሚወስነው ከምን ብረት እንደተሰራ፣ ስንቱ እንደተረፈና ፊቱ ምን ያህል እንደሚነበብ ነው እንጂ እድሜው ብቻ አይደለም፣ "ጥንታዊ ነው" ብሎ ብቻ አንድ ሺ ዶላር የሚጠይቅ ሻጭ ካለ ሌላ ቦታ ጠይቁ።

"ሳንቲምን ጌጥ ማድረግ የዘመኑ ሰው ያመጣው ነው፣ ታሪክ ማበላሸት ነው"

ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ራሳቸው ሮማውያን ያረጉት ነበር። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የሮም ሕግ አዋቂ ፖምፖኒየስ፣ በከበረ ድንጋይ ፋንታ የሚደረጉ የቆዩ የወርቅና የብር ሳንቲሞችን የመገልገል መብት በኑዛዜ ማስተላለፍ ይቻላል ብሎ ጽፏል፣ አስቡት፣ ያኔም "የቆየ ሳንቲም" ጌጥ ነበር ማለት ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የቆስጠንጢኖስን ትልልቅ የወርቅ ሳንቲሞች መሃል ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን ወርቁን እንደ ዳንቴል እየበሱ የሰሯቸው የአንገት ጌጦች አሉ፣ አንዱ ሉቭር፣ አንዱ ብሪቲሽ ሙዚየም፣ አንዱ አሜሪካ ክሊቭላንድ ሙዚየም፣ አንዱ ዋሽንግተን ዳምባርተን ኦክስ ሙዚየም ይገኛል። ብሩተስ ዩሊየስ ቄሳርን ከገደለ በኋላ ሁለት ጩቤ አርጎ ያስመታው የወርቅ ሳንቲምም ከታወቁት ጥቂት ፍሬዎች አንዱ የተበሳ ነው፣ ሰው አንጠልጥሎት ነበር ማለት ነው። እኛው አካባቢም፣ ኤርትራ ውስጥ መጠራ በተባለው የአክሱም ዘመን ከተማ በቁፋሮ ከወጣው የወርቅ ክምችት ውስጥ ከመስቀሎችና ከሰንሰለቶች ጋር የሮም ነገሥታት 14 የወርቅ ሳንቲሞች አብረው ተገኝተዋል። የማርያ ቴሬዛን ብር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ እናቶች ላየ ሰው ይሄ ምንም አይገርምም።

"ብር ይመስላል፣ ስለዚህ ብር ነው"

የአውግስጦስ ዘመን ዲናር፣ ማለትም የሮማውያኑ የብር ሳንቲም፣ ንጹህ ብር ነው ማለት ይቻላል። ኔሮ እ.ኤ.አ. በ64 ክብደቱንም ብሩንም ቀነሰ፣ ከሱ በኋላ የመጡትም እየቀነሱ እየቀነሱ ሄደው በ270 አካባቢ ሳንቲሙ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ብር ያለበት፣ ላዩን በስሱ የተቀባ መዳብ ሆነ። ዙሪያው 18 ካራት ወርቅ ስለሆነ መሃሉም ውድ ነው ብላችሁ እንዳትገምቱ።

"ይሄ ጌታችን በእጁ የያዘው ዲናር ነው"

ለአማኝ ሰው ይሄን ብሎ መሸጥ ቀላል ነው፣ ለዚህም ነው መናገር ያለብኝ። "የቄሳርን ለቄሳር" የተባለበት ሳንቲም እየተባለ የሚሸጠው በአንድ ወገን የጢባርዮስ ፊት፣ በሌላው የተቀመጠች ሴት ያለበት ዲናር ነው። ወንጌሉ ግን የቄሳር መልክና ጽሕፈት ይላል እንጂ የትኛው ቄሳር እንደሆነ አይነግረንም፣ የአውግስጦስም ዲናር በዛ ዘመን ይዘዋወር ነበር። የዘመኑ ሳንቲም ነው ቢባል እውነት ነው፣ "ራሱ ነው" ከተባለ ግን ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም።

"ካላብረቀረቀ ፖሊሽ ይደረግ"

በፍጹም! ነሐስ ላይ ያለው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሽፋን በመቶዎች ዓመት የተሰራ ነው፣ ሳንቲሙን የሚጠብቀውም የሚያሳምረውም እሱ ነው፣ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም፣ ፊደሉም አብሮ ይሄዳል። ለይታችሁ ማየት ያለባችሁ በጥፍር ሲነካ የሚረግፍ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄትን ነው፣ እሱ ሽፋን ሳይሆን ክሎራይድ (ጨው ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር) ከእርጥበት ጋር ተገናኝቶ ብረቱን እየበላው ነው ማለት ነው። ላብ ውስጥም ጨው አለ፣ ስለዚህ ነሐስ ሳንቲም ቆዳ ላይ በቀጥታ ባይነካ ይሻላል፣ ሻወርማ ጭራሽ አይሞከርም። ብሩም ቢሆን ከዘመን ብዛት ውስጡ ተለውጦ ተሰባሪ ሊሆን ይችላል፣ ሴራሚክ ላይ ወድቆ ለሁለት የሚከፈል ዲናር አለ፣ ለቀለበት ከመምረጣችሁ በፊት አስቡበት።

"ወርቅ ውስጥ ከገባ ዋጋው ይጨምራል"

ለሰብሳቢ ሰው ግልባጩ ነው። ጠርዙ ላይ የብየዳ ምልክት ወይ የተፋቀ ቦታ ካለ ወዲያው ዋጋው ይወርዳል። ጥሩ አንጥረኛ ሳንቲሙን እሳት አያስነካውም፣ ማቀፊያውን ለብቻ ሰርቶ ጨርሶ ሳንቲሙን መጨረሻ ላይ ያስቀምጠውና በትንንሽ የወርቅ ጥፍሮች ወይ በቀጭን የወርቅ ጠርዝ ያዝ ያረገዋል፣ ነገ ሲፈታ እንደገባ ይወጣል። እኔ ብሆን ጀርባው የተከፈተውን ብቻ ነው የምገዛው። የጥንቱ ሳንቲም በመዶሻ የተመታ ስለሆነ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ አንዳንዴም የተሰነጠቀ ነው፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ፌክ ደግሞ ጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር፣ ፊቱ ላይ ጥቃቅን የአረፋ ቀዳዳ ይታይበታል፣ እና ወፍራም የወርቅ ማቀፊያ የሚደብቀው በትክክል ያንን ጠርዝ ነው። ሻጩን ሳንቲሙ ከመታቀፉ በፊት የተነሳ ፎቶ ጠይቁት።

"ሰርተፊኬት ካለው አለቀ"

ወረቀቱን የጻፈው ራሱ ሻጩ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ቅድም ያልኩት የብሩተስ ወርቅ ሌላኛው ፍሬ በ2020 ለንደን ውስጥ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጦ ነበር፣ ሳንቲሙ ኦሪጅናል ሆኖ ሳለ ከየት እንደመጣ የቀረበው ታሪክ ግን የውሸት ሆኖ ተገኘና በ2023 ለግሪክ ተመለሰ። ስለዚህ የሚያስፈልገው የቆየ ደረሰኝ፣ የድሮ የጨረታ ካታሎግ፣ ከአገሩ የወጣበት ፈቃድ ነው። በተለይ ቱርክ ለሽርሽር ሄዳችሁ መንገድ ላይ "ከመሬት ያወጣሁት ነው" የሚል ሰው ቢመጣባችሁ ጥላችሁ ሂዱ፣ ፌክ ከሆነ ተበላችሁ፣ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ኤርፖርት ላይ ወንጀል ነው። አክሱም ውስጥ ለቱሪስት የሚቀርበውም ሳንቲም እንደዛው ነው፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ማውጣት በአዋጅ የተከለከለ ስለሆነ በስጦታ ቢሰጣችሁም ሻንጣችሁ ውስጥ አታስገቡት።