«የሰጠሁት ወደ እኔ ይመለሳል»፦ ስለ ንብረትና ስለ ዘር መመለስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ልደታ አካባቢ በጥብቅና ስሠራ ከባለጉዳዮች በተደጋጋሚ የምሰማው፣ ብዙ ቤተሰብ ለጸጸት የዳረገ አንድ እምነት አለ። ይኸውም በስጦታ የተላለፈ ቤት፣ ተቀባዩ ከሞተ ወይም ከሰጪው ጋር ከተጣላ፣ በራሱ ወደ ሰጪው ይመለሳል የሚለው ነው። የተማሩ ሰዎች፣ ውል በመጻፍ የሚተዳደሩም ሳይቀሩ ይህንኑ ስለሚደግሙት በቅድሚያ የማነሣው እርሱን ነው።

ቤቱ አይመለስም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2443 መሠረት በግልጽ ኑዛዜ ፎርም ከተደረገና ስሙ ወደ ተቀባዩ ከዞረ በኋላ፣ ሰጪው ለራሱ ያስቀረው መብት ከሌለ በቀር በቤቱ ላይ ከጎረቤት የተለየ ሥልጣን የለውም። ተቀባዩ ሊሸጠው፣ ሊያከራየው፣ በመያዣነት ሊያስይዘው ወይም በኑዛዜ ለሌላ ሰው ሊተወው ይችላል። ስጦታን ለማፍረስ የሚፈልግ ሰው በሕግ የታወቀ ምክንያት ይዞ ፍርድ ቤት መቅረብና ማስረዳት አለበት፤ መኮራረፍና በዓመት በዓል አለመጠየቅ እንዲህ ያለ ምክንያት አይደሉም።

«ታዲያ እገሌ ልጁ ሲሞት ቤቱን እንዴት መልሶ አገኘ?» ብለው የሚሞግቱኝ አሉ። ያ ሰው ቤቱን ያገኘው በሰጪነቱ ሳይሆን በወራሽነቱ ነው፣ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። በቁጥር 842 መሠረት ቀዳሚዎቹ ወራሾች ልጆች ስለሆኑ፣ ሟች አንድ ልጅ እንኳ ትቶ ከሆነ ወላጅ አይወርስም። ወላጆች በቁጥር 843 የሚጠሩት ሟች ተወላጅ ሳይተው ሲቀር ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን የሚደርሳቸው ዕዳ ተከፍሎ የተረፈው ነው። ከአባት ወገን በስጦታ ወይም በውርስ የመጣ የማይንቀሳቀስ ንብረት በባለቤትነት ወደ እናት ወገን እንዳያልፍ፣ የእናቱም ወደ አባት ወገን እንዳያልፍ የሚከለክለው የቁጥር 849 ደንብ ለዚህ እምነት ማስረጃ ተደርጎ ሲጠቀስ እሰማለሁ። ይህ ደንብ ግን የሚሠራው ሟች ተወላጅ ከሌለው ብቻ ሲሆን፣ የሚጠብቀውም ወገኑን እንጂ ሰጪውን አይደለም።

አንዲት እናት ካዛንቺስ የነበራቸውን ቤት ለልጃቸው በስጦታ አዛወሩለት፣ እርሱም ቤቱን አስይዞ ከባንክ ተበደረና ብድሩን ሳይከፍል በድንገት አረፈ። ወደ እኔ የመጡት የሐራጅ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ሲሆን፣ በእጃቸው የነበረው ማስረጃ ቤቱ የእርሳቸው እንደነበር የሚመሰክሩ ጎረቤቶች ዝርዝር ብቻ ነበር። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ፍርድ ሳይጠብቅ በሐራጅ እንዲሸጥ ስለሚፈቅድለት፣ ምስክሮቹ ቢሰሙም የሚለወጥ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ቤታቸውን በሕይወት ሳሉ ለማስተላለፍ የሚያስቡ ወላጆችን አጥብቄ የምለምናቸው ነገር አለ። ዓላማዎ ቤቱ ከእርስዎ በኋላ ለልጅዎ እንዲሆን ከሆነ ስጦታውን ይተዉና ኑዛዜ ያድርጉ፤ ኑዛዜ እስከ ዕለተ ሞት ድረስ ሊሻር ይችላል። ግልጽ ኑዛዜ አራት ምስክሮች ባሉበት ተነቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ግን ሁለት ይበቃሉ። የግድ አሁን መስጠት ካለብዎ ደግሞ የአላባ መብትን ለዕድሜ ልክዎ አስቀርተው ይስጡ፤ እንዲህ ካደረጉ በቤቱ መኖርና ኪራዩን መሰብሰብ የእርስዎ ይሆናል። አላባው በሞትዎ ያበቃል፣ ለሌላ ወራሽም ስለማይተላለፍ የቤቱ ሙሉ መብት ለልጅዎ ይጠቃለላል። በሰነዱ ላይ «ለልጄና ለባለቤቱ» ብለው ከማጻፍዎ በፊትም ቆም ብለው ያስቡ፤ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ለአንዱ ተጋቢ ብቻ የተሰጠ የግሉ ሆኖ ሲቀር፣ ለሁለቱ በአንድነት የተሰጠ ግን ሌላ ካልተባለ በቀር የጋራ ሀብት ነው።

ፒያሳና አራት ኪሎ ያደጉ ሰዎች ደግሞ በ1967 ዓ.ም. የተወረሱ ትርፍ ቤቶች ደርግ ስለወደቀ ለባለቤቶቻቸው ይመለሳሉ ይላሉ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 መሠረት የተወረሰ ቤት የመንግሥት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 110/1987 የተመለከተው ከአዋጆቹ ውጭ ያለአግባብ የተወሰዱትን ብቻ ነው።

«የሊዝ ዘመን ሲያልቅ መሬቱ ወደ መንግሥት ይመለሳል» የሚለውም ትክክል አይደለም፣ ምክንያቱም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት ቀድሞውንም ከመንግሥትና ከሕዝብ ባለቤትነት አልወጣም። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት የተሰጠው የመጠቀም መብት ነው፣ እርሱም ሊታደስ ይችላል።

ወራሽ የሌለው ሰው ንብረት ለዕድሩ ወይም ላስታመመው ጎረቤት አይሆንም፤ ኑዛዜ ከሌለ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 852 ለመንግሥት ይሆናል።

የፈረሰ ውልም ሁሉን ነገር እንደነበረ አያደርግም፤ ቁጥር 1815 ተዋዋዮች ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው እንዲመለሱ የሚያዘው በተቻለ መጠን ነው።

በአባትነት ክርክር የማገኘው ሌላ ስሕተት ከሕግ ይልቅ የሥነ ዘርን ዕውቀት የሚመለከት ነው። ጠይም ዓይን ካላቸው ወላጆች ዓይነ ቀላል ልጅ ሲወለድ ቤተሰቡ ወይ «የቅድመ አያቱ ደም ተመለሰ» ይላል፣ ወይም እናቲቱን ይጠረጥራል። የተመለሰ ነገር የለም፤ ድብቅ የሆነ ዘረ መል በጎላው ተሸፍኖ ሳይታይ ትውልድ ይሻገርና፣ ከሁለቱም ወላጆች በአንድነት ሲወረስ ይገለጣል። እንደ ቢ ኤች 660 ያለ ድቅል በቆሎ ፍሬው ተመልሶ ሲዘራ የሚዘበራረቀው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ዘረ መሎቹ ይለያያሉ እንጂ ሰብሉ ወደ ጥንቱ አልዞረም። የሥነ ዘር ባለሙያዎች በእርግጥ መመለስ የሚሉት፣ በሚውቴሽን፣ ማለትም በዘረ መል ላይ በሚደርስ ለውጥ፣ የጠፋ ተግባር በሌላ ሚውቴሽን ሲገኝ ነው። አሜሪካዊው ብሩስ ኤምስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጀው ምርመራ ሂስቲዲን የተባለውን አሚኖ አሲድ መሥራት ያቃታቸውን የሳልሞኔላ ባክቴሪያዎች ለአንድ ኬሚካል አጋልጦ፣ ችሎታውን መልሰው ያገኙትን ይቆጥራል፤ ቁጥራቸው በጉልህ ከጨመረ ኬሚካሉ ዘረ መልን የሚለውጥ መሆኑ ይታወቃል። ይህ በቤተ ሙከራ የሚለካ ነገር ስለ አንድ ሕፃን ዓይን ቀለም የሚመሰክረው የለም። ፍርድ ቤትም በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰን ወይም የተወለደን ልጅ አባት ባልየው ነው ብሎ የሕግ ግምት ይወስዳል፤ የመልክ አለመመሳሰል ብቻውን ይህን ግምት አያፈርሰውም።