እርግዝና፣ ጂንና መድኃኒት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንዲት ሴት ያንኑ እንክብል በዚያው መጠን ብትወስድም ከማርገዟ በፊት፣ በ8ኛው ወርና ከወለደች ከ3 ሳምንት በኋላ በደሟ ውስጥ የሚገኘው መድኃኒት እኩል ላይሆን ይችላል። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ መድኃኒትን የሚሰባብሩት የጉበት ኢንዛይሞች ናቸው። የኢንዛይሞቹን መነሻ አቅም የሚወስነው ከወላጆቻችን የወረስነው ጂን ነው፤ የእርግዝና ሆርሞኖች ደግሞ አንዱን ያፈጥኑታል፣ ሌላውን ያዘገዩታል። በዚህ ጉዳይ የሚነገሩ ስሕተቶች እናትንም ልጅንም ስለሚጎዱ አንድ በአንድ እንያቸው።

«በእርግዝና ጊዜ ጉበት ስለሚደክም መድኃኒት ሁሉ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል»

ጤነኛ ጉበት በእርግዝና አይደክምም። ሲዋይፒ 3ኤ4፣ 2ዲ6 እና 2ሲ9 የሚባሉት ኢንዛይሞች ሥራቸው ይጨምራል። ሲዋይፒ 1ኤ2 እና 2ሲ19 ግን ይቀንሳሉ። ስለዚህ ለሁሉም መድኃኒት የሚሠራ አንድ ሕግ የለም፤ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ይህን መድኃኒት የሚሰባብረው የትኛው ኢንዛይም ነው?» የሚለው ነው።

የቡና ካፌይን ነገሩን በግልጽ ያሳያል። ካፌይንን የሚሰባብረው 1ኤ2 ነው። ባላረገዘች ሴት ደም ውስጥ ያለው ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ በእርግዝና መጨረሻ ግን 15 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። 200 ሚሊግራም ካፌይን ከጠጣች ከ10 ሰዓት በኋላ ያላረገዘችው 50 ሚሊግራም ሲቀራት፣ ነፍሰ ጡሯ ከ120 በላይ ይቀራታል። በማግስቱ የምትጠጣው በዚህ ላይ ይደረባል። ለነፍሰ ጡር በቀን ከ200 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የሚመከረውም ያለ ምክንያት አይደለም።

«ለጽንሱ ሲባል መጠኑን መቀነስ ይሻላል»

ይህ ከልብ የመነጨ አሳብ ነው፤ ግን አደገኛ ነው። የሚጥል በሽታ ያለባት እናት የምትወስደውን ላሞትሪጂን እንመልከት። ይህን መድኃኒት የሚያስወግደው ዩጂቲ 1ኤ4 የሚባል ኢንዛይም ነው፤ በእርግዝና የሚጨምረው ኤስትሮጅን የተባለ ሆርሞን በጣም ያፈጥነዋል። (ኤስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ እንክብልም የላሞትሪጂንን መጠን በግማሽ ያህል የሚያወርደው በዚሁ ምክንያት ነው።) በብዙ ነፍሰ ጡሮች መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣበት ፍጥነት 2 እና 3 እጥፍ ይሆናል። እናቲቱ አንድ እንክብል ሳትቀንስ እንኳ በደሟ ያለው መድኃኒት ይወርዳል፤ በዚህ ላይ ራሷ ከቀነሰች የሚጥል ሕመሙ ሊነሣባት ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ከማርገዝ በፊት፣ ሕመሙ በደንብ ቁጥጥር ሥር በሆነበት ጊዜ፣ ደም ተመርምሮ መነሻ ቁጥር ይያዛል። ከዚያ በእርግዝናው ወቅት በየ4 ሳምንቱ ገደማ ይለካል። ደሙ የሚቀዳው የጠዋቱ መድኃኒት ከመወሰዱ በፊት ነው፤ ተውጦ ከተቀዳ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያታልላል። ውጤቱ ከመነሻው 65 በመቶ በታች ሲወርድ የሚጥል ሕመም የመነሣት ዕድሉ ስለሚጨምር ሐኪሙ ቁጥሩ እዚያ ሳይደርስ መጠኑን ይጨምራል።

«ከወለድኩ በኋላም ያው መጠን ይቀጥላል»

እንግዴ ልጁ ሲወጣ ኤስትሮጅን በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ላሞትሪጂንን የሚያስወግደው ኢንዛይምም በ2 ወይም 3 ሳምንት ውስጥ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል። በእርግዝና ጊዜ የተጨመረው መጠን ካልተቀነሰ ማዞር፣ ነገርን ሁለት አድርጎ ማየትና ሲራመዱ መንገዳገድ ይመጣል። አራስ ስትንገዳገድ «ድካም ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ሕፃን የታቀፈች እናት ግን ልትወድቅ ትችላለች። የመቀነሻው ዕቅድ ከመውለዷ በፊት ተጽፎ በእጇ ሊኖር ይገባል።

«ጂን አይለወጥም፤ ስለዚህ እርግዝና ሁሉንም ሴት እኩል ይነካል»

ጂኑ አይለወጥም፤ እርግዝና የሚያመጣው ለውጥ ግን እንደ ጂኑ ይለያያል። 2ዲ6 የተባለውን ኢንዛይም የሚያስገኘው ጂን በአንዳንድ ሰው ጨርሶ አይሠራም፤ በሌላው ደግሞ ተባዝቶ ይገኛል። ፓሮክሴቲን የሚባለውን የድባቴ መድኃኒት የሚሰባብረው ይህ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ በደንብ የሚሠራላት ሴት በእርግዝና ወቅት መድኃኒቱ በደሟ ይቀንሳል፤ ዝግተኛ ኢንዛይም ያላት ግን እየጨመረ ሊሄድ ይችላል። አንዷን የረዳው ጭማሪ ሌላዋን ሊጎዳት ይችላል ማለት ነው።

«ኮዴይን ቀላል ማስታገሻ ስለሆነ ለምታጠባ እናት ችግር የለውም»

ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው በዋናነት 2ዲ6 ከፊሉን ሞርፊን ወደሚባል ብርቱ ማስታገሻ ሲለውጠው ነው። ጂኑ የተባዛላት እናት ብዙ ሞርፊን በፍጥነት ታመርታለች፤ ሞርፊኑም በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የተባዛ ጂን እንዳላቸው አሳይቷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ኮዴይንም ትራማዶል የሚባለውን ሌላ ማስታገሻም እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል። እናት ከወሰደች በኋላ ሕፃኑ ከወትሮው በላይ ከተኛ፣ መጥባት ካቃተው፣ ሰውነቱ ከዛለ ወይም አተነፋፈሱ ከከበደ ሳይዘገይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።

«በደም ምርመራ ቁጥሩ ከወረደ መጠኑ መጨመር አለበት»

ሁልጊዜ አይደለም። ፌኒቶይን የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት 90 በመቶ ያህሉ አልቡሚን ከሚባለው የደም ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይጓዛል፤ የሚሠራው ያልተጣበቀው ነው። በእርግዝና አልቡሚን ስለሚቀንስ ጠቅላላው ቁጥር ብዙ ሲወርድ ነፃው ያን ያህል ላይወርድ ይችላል። ስለዚህ ነፃውን ለይቶ ማስለካት ያስፈልጋል። ፌኒቶይንን የሚሰባብረው ኢንዛይም አቅሙ ቶሎ ስለሚሞላ ትንሽ ጭማሪ እንኳ በደም ውስጥ ያለውን መጠን በብዙ ሊያሻቅበው ይችላል።

«የጂን ምርመራ ካደረግሁ ሌላ አያስፈልገኝም»

የጂን ምርመራ የሚነግረው መነሻውን ነው። በ7ኛው ወር ኢንዛይሙ ምን ያህል እንደፈጠነ የሚነግረው የመድኃኒቱ የደም ልኬትና የእናቲቱ ስሜት ነው። ለደም ምርመራ ስትሄድ የመድኃኒቶቿን ስም፣ የእያንዳንዱን ሚሊግራምና መጨረሻ የወሰደችበትን ሰዓት ጽፋ ትያዝ፤ ሰዓቱ ካልታወቀ ውጤቱን በትክክል ማንበብ ያስቸግራል።