ሪፍ ምንድን ነው?

አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር፣ ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ስድስት ሰባት እንሆናለን፤ ሁላችንም ሜታል የሚባለውን ከባድ የሮክ ሙዚቃ እንሰማለን። ባለፈው ሳምንት አንድ ጥያቄ ተነሳ። ዛሬ ያለውን ሜታል ከሁሉም በላይ የቀረጸው የትኛው ባንድ ነው?

አንዱ ሜታሊካ አለ። ሌላው "ኧረ አቦ! ብላክ ሳባዝ ባይኖር ሜታሊካ ከየት ይመጣ ነበር?" አለው። ፓንቴራ ያለም ነበር። ከሁላችን ትንሹ ደግሞ መሹጋ ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ በኋላ መደማመጥ ጠፋ። አንዱ የአልበም ሽያጭ ይጠራል፤ አንዱ ስታዲየም ስለሞላው ሕዝብ ያወራል።

የአንዱ ጓደኛችን እህት አብራን ተቀምጣለች። ሜታል አትሰማም። ብዙ ከታገሰችን በኋላ "ቆይ፣ ይሄ ሪፍ፣ ሪፍ የምትሉት ምንድን ነው?" አለች። ሁላችንም ባንድ ላይ ተንጫጫን፤ አንዳችንም ግን በቅጡ አላስረዳናትም። ቤት ገብቼ ሳስበው የክርክራችን መፍቻ ያለው እሷ ጥያቄ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ ልመልሰው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሪፍ አጭር የሙዚቃ ሐረግ ነው። ብዙ ጊዜ በጊታር ይመታል። ጥቂት ኖታ ብቻ ይኖረዋል፤ እየተደጋገመ ይመጣል፤ ዘፈኑም የሚቆመው በሱ ላይ ነው። ግጥሙን ብትረሱት እንኳ በአፋችሁ "ዳን፣ ዳን፣ ዳዳን" ብላችሁ ዘፈኑን ለሰው ማስታወስ ከቻላችሁ፣ ያቺ በአፋችሁ ያላችኋት ነገር ሪፍ ናት።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የዓሊ ቢራ ዘፈን ሲከፈት፣ ድሬ ያደገ ሰው ዓሊ ገና ድምፁን ሳያሰማ የትኛው እንደሆነ ይለየዋል። ክራር ደርዳሪም አንድ ሐረግ ይይዝና እየመላለሰ ያቆየዋል። ልዩነቱ ማን ይመራል የሚለው ላይ ነው። እኛ ባደግንባቸው ዘፈኖች የሚመራው ድምፃዊው ነው። መሣሪያው ያጅበዋል፤ እሱ ሲያርፍ ደግሞ ቦታውን ይሞላለታል። በሜታል ይሄ ይገለበጣል። ብዙ ጊዜ ሪፉ ይቀድማል። ጊታሪስቱ ሪፍ ያገኛል፤ ድራመሩ ምት ይፈልግለታል፤ ድምፃዊው በመጨረሻ መጥቶ ሪፉ የተወለት ቦታ ላይ ይገባል። አንድ ዘፈን ውስጥ አራት አምስት ሪፍ ሊኖር ይችላል። ታሪኩ የሚሄደውም እነሱ ሲቀያየሩ ነው። "ቃሉ እንኳን አይሰማም፣ ምኑን ነው የምትወዱት?" ለሚሉን ሰዎች መልሱ ይሄው ነው። ጆሯችን የሚከተለው ሪፉን ነው።

ድምፁ ለምን እንደሚሻክርም ልናገር። ኤሌክትሪክ ጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ውስጥ ገብቶ ድምፁ አምፑ ከሚችለው በላይ ሲገፋ፣ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ዲስቶርሽን የሚባለው እሱ ነው። ድምፁ ይወፍራል፤ ቶሎም አይሞትም። ግን ብዙ ኖታ አንድ ላይ ከመታችሁ ይደፈርሳል። ስለዚህ ጊታሪስቱ ሁለት ኖታ ብቻ ይመታል፤ መነሻውንና አምስተኛውን። ፓወር ኮርድ ይባላል። ከዚያ የሚመታበትን እጅ መዳፍ ጠርዝ ክሮቹ ላይ፣ ብሪጁ (ክሮቹ ጊታሩ ሆድ ላይ የሚያርፉበት) አጠገብ በስሱ ያሳርፋል። ድምፁ ይታፈንና "ጅግ ጅግ ጅግ" ይላል። የድሮው ባቡር ወደ ጣቢያ ሲገባ ሐዲዱ ላይ የሚያሰማውን ምት የሚያስታውስ ሰው ያን ድምፅ ቶሎ ይለምደዋል። እኔ ሁሌም ባቡሩ ነው ትዝ የሚለኝ።

አሁን ወደ ክርክሩ።

እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም የፋብሪካ ከተማ ናት። ቶኒ አዮሚ የሚባል ልጅ፣ የኋላው የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት፣ እዚያ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በ1965፣ በ17 ዓመቱ፣ ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። አዮሚ ግራኝ ነው። ክር የሚጫነው በቀኝ እጁ ነበር። ጊታር አበቃ ብሎ ተስፋ ቆረጠ። የፋብሪካው አለቃ ግን የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰማው። ጃንጎ ሁለት ጣቶቹ በእሳት ተጎድተው በቀሩት ጣቶች የሚጫወት ታላቅ የጃዝ ጊታሪስት ነበር። አዮሚ ያንን ሰምቶ ተነሳ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ላዩን ቆዳ አለበሰው። ወፍራም ክር ስለሚያመው ቀጫጭን የባንጆ ክር ጊታሩ ላይ አስገባ። በኋላ ደግሞ ክሮቹን አላላቸው። በ1971 በወጣው ሦስተኛው የብላክ ሳባዝ አልበም አንዳንድ ዘፈኖች ላይ ቅኝቱን ሦስት ግማሽ ድምፅ ወደ ታች አውርዶታል።

ክር ሲላላ ለቆሰለ ጣት ይቀላል። ድምፁ ደግሞ ይወርዳል፤ ይከብዳል። ዛሬ ብዙ የሜታል ባንድ ጊታሩን ዝቅ አድርጎ የሚቃኘው ከዚያ በመጣ ልማድ ነው። እዚህ ድሬ በባቡሩ ወርክሾፕ የሠሩ አባቶችን እጅ እያየሁ ነው ያደግሁት። ጣታቸው የጎደለ አሉ። ብረት የሚሠራ ሰው እጅ ምን እንደሚከፍል ለሚያውቅ ሰው የአዮሚ ታሪክ ተረት አይመስለውም።

የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም የወጣው አርብ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ነው። መክፈቻው በባንዱ ስም የተሰየመ ዘፈን ነው። ዝናብ ይሰማል፤ ደወል ይሰማል፤ ከዚያ ሪፉ ይገባል። ሦስት ኖታ ብቻ ነው። አንድ ኖታ፣ ያው ኖታ ከፍ ብሎ፣ ከዚያ ጆሮ ያልጠበቀው ሦስተኛ ኖታ። ከመነሻው እስከ ሦስተኛው ያለው ርቀት ጊታር ላይ ስድስት ፍሬት (አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) ነው። አውሮፓውያን ይህን ርቀት "በሙዚቃ ውስጥ ያለ ሰይጣን" እያሉ ይጠሩት ነበር፤ ድምፁ ስለማያርፍ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ የምወደው ነገር ስለሆነ። ያ ርቀት እኛ ዘንድ አለ። አንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ ከመጀመሪያው ኖታ ተነስታችሁ አራተኛው ጋ ስትደርሱ የተጓዛችሁት ያንኑ ስድስት ፍሬት ነው። አንቺሆዬን ደግሞ የምናውቀው በሰርግ ዘፈን ነው። እነሱን ያስፈራው ርቀት እኛ ቤት ሙሽራ አጅቦ ይገባል። ሜታል የሰይጣን ሙዚቃ ነው የሚል ዘመድ ካላችሁ ክራር አምጡና ይህን አሳዩት። እኔ አጎቴን ያሳመንኩት እንዲህ ነው።

እንግዲህ ተጽዕኖ ስንል ምን ማለታችን ነው? ሽያጭ ከሆነ ክርክሩ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሜታሊካ ያሸንፋል። ግን ዳይመንድ ሄድን ውሰዱ። እንግሊዛዊ ባንድ ነው፤ ሜታል የማይሰማ ሰው ስሙን አያውቀውም። በ1981 ላርስ ኡልሪክ የሚባል ጎረምሳ እነሱን ለማየት ብሎ ከካሊፎርኒያ እንግሊዝ ድረስ ሄደ። በዚያው ዓመት ተመልሶ ከጄምስ ሄትፊልድ ጋር ሜታሊካን መሠረተ። ሜታሊካ በመጀመሪያ ጊዜው የዳይመንድ ሄድን ዘፈኖች እየተጫወተ ነው ያደገው። ያልታወቀው ባንድ የታወቀውን ሠራ። ስለዚህ እኔ ተጽዕኖን የምፈልገው በሌላ ሰው እጅ ላይ ነው። አንድ ባንድ ያገኘውን የሪፍ አመታት ከሱ በኋላ የመጡት ካልተዉት፣ ተጽዕኖ ማለት እሱ ነው።

በዚህ ሚዛን ሜታሊካም ትልቅ ነው፤ ግን በሌላ ምክንያት። የሄትፊልድ ቀኝ እጅ። ብዙ ጊዜ ክሩን የሚመታው ወደ ታች ብቻ ነው፤ ወደ ላይ አይመልስም። በፍጥነት፣ በታፈነ ድምፅ፣ ደቂቃዎች ሙሉ። እጅ ያቃጥላል፤ ሞክሬዋለሁ። በ1983 የመጀመሪያው አልበማቸው ወጣ፤ በ1986 ሦስተኛው ላይ አመታቱ ሙሉ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሜታል ጊታር የሚማር ልጅ ሁሉ ልምምዱን የሚጀምረው ከዚያ እጅ ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ጁዳስ ፕሪስትና አይረን ሜደን ሁለት ጊታር እንዴት እንደሚነጋገር አሳይተዋል። ስሌየር በ1986 ግማሽ ሰዓት እንኳ በማይሞላ አልበም ፍጥነቱን ጫፍ አደረሰው። የፍሎሪዳው ዴዝ በ1987 ለዴዝ ሜታል መንገድ ከፈተ። ፓንቴራ በ1990ዎቹ ሪፉን ቀስ አድርጎ አንገት የሚያስነቀንቅ አደረገው። ኮርን በ1994 ሰባት ክር ያለው ጊታር ይዞ መጣ። እያንዳንዳቸው ጠበቃ አላቸው፤ ከዚራም ውስጥ አላቸው።

መሹጋ ላይ ግን ልቆይ። ትንሹ ጓደኛችን ትክክል ነበር፤ ያን ቀን ስላላዳመጥነው አዝናለሁ።

መሹጋ ኡሜኦ ከምትባል የስዊድን ከተማ የመጣ ባንድ ነው፤ የተመሠረተው በ1987 ነው። እነሱ የለወጡት አቆጣጠሩን ነው። በእጃችሁ ሞክሩት። አንድ ሰው እስከ አራት እየቆጠረ ያጨብጭብ፤ አንድ ላይ ጠንከር ያድርግ። ሌላው እስከ አምስት እየቆጠረ ጠረጴዛ ይምታ፤ እሱም አንድ ላይ ጠንከር ያድርግ። ፍጥነታቸው እኩል ይሁን። አብረው ይጀምራሉ፤ ወዲያው ይለያያሉ። ጠንካራው ምት የሚገናኘው ሃያ ቆጥረው ሲጨርሱ ነው። የመሹጋ ሪፍ እንዲህ ይሠራል። የድራመሩ እጅ ቀጥ ባለ አራት ይሄዳል፤ ጊታሮቹና የድራመሩ እግር ደግሞ በሌላ ቁጥር ይዞራሉ። ሰሚው መሬቱ የሸሸው ይመስለዋል፤ ከዚያ ድንገት ሁሉም አንድ ላይ ያርፋል። ጊታራቸው ስምንት ክር ያለው ነው፤ የሚሰማው ኖታ የቤዝ ጊታር ሠፈር ይደርሳል።

ከመሹጋ በኋላ ልጆች ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ ኮምፒውተር ላይ እየቀዱ፣ ያንን የታፈነ ዝቅ ያለ ምት መሥራት ጀመሩ። ድምፁ "ጀንት" ስለሚል ስልቱ ራሱ ጀንት ተባለ። ፔሪፈሪ የሚባለው የጀንት ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን በ2010 ሲያወጣ መንገዱ ሰፍቶ ነበር። ዛሬ አዲስ የሜታል አልበም ብትከፍቱ፣ ባንዱ ጀንት ባይሆን እንኳ ከዚያ ምት የተወሰደ ነገር የማትሰሙበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ስለዚህ የኔ መልስ ሁለት ስም ነው። ሥሩ ብላክ ሳባዝ ነው፤ ይሄ ላይ የሚከራከረኝ ብዙ ሰው አይገኝም። ጁላይ 5 ቀን 2025 በርሚንግሃም ላይ የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን ሲያደርጉ ሜታሊካ፣ ስሌየር፣ ፓንቴራ፣ ጎጂራ ሁሉም እዚያ መድረክ ላይ ወጥተው ተጫውተዋል። የባንዱ ድምፃዊ ኦዚ ኦዝቦርን ከዚያ በኋላ 17 ቀን ብቻ ነው በሕይወት የቆየው። ያን ሰሞን ከዚራ ላይ ክርክር አልነበረም፤ ዘፈኖቹን ብቻ ነው የሰማነው። "ዛሬ ያለው" የሚለው ቃል ላይ ካተኮርን ግን፣ ከ2000 በኋላ የሪፍን አሠራር የለወጠው መሹጋ ነው እላለሁ። ሜታሊካ ሰዉን ወደ ቤቱ አስገብቷል፤ ያ ትልቅ ውለታ ነው። ዛሬ ቤቱ ውስጥ የሚመታውን ምት ያመጣው ግን ሌላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሪፍ የአገር ሽታ ይይዛል። የብራዚሉ ሴፑልቱራ በ1996 ባወጣው አልበም ሻቫንቴ ከሚባለው የብራዚል ነባር ሕዝብ ጋር አብሮ ቀድቷል፤ የብራዚል ከበሮ ሪፉ ውስጥ ገብቶ ይሰማል። እኛም አገር ጃኖ ባንድ በ2012 "ኤርታሌ" የተባለውን አልበም ሲያወጣ የእኛን ቅኝት ከሮክ ጊታር ጋር አገናኝቶታል። ሜታል አይደለም፤ ቢሆንም በዲስቶርሽን ውስጥ የእኛ ቅኝት ሲያልፍ መስማት ለኔ ትልቅ ነገር ነበር። በአንቺሆዬ የተሠራ፣ ዝቅ ብሎ የተቃኘ፣ ቀስ ያለ ሪፍ እንዴት እንደሚከብድ ማሰብ አላቆምም። ማታ ማታ አምፑን ቀንሼ እሞክረዋለሁ። ሁለቱን ኖታ አግኝቻለሁ፤ ሦስተኛው ገና ነው።

ትናንት ተመልሰን ተገናኘን። ይሄን ሁሉ ለጓደኛችን እህት ነገርኳት። ብዙ አላወራችም። "አሰሙኝ" አለች። ትንሹ ልጅ ስልኩን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ መሹጋን ከፈተ። እኔ በአራት አጨበጨብኩ፤ እሷ ሪፉን በጣቷ ጉልበቷ ላይ መቁጠር ጀመረች። ሦስተኛው ዙር ላይ ጠፋባት። "መልሰው" አለች፤ ከመጀመሪያው ከፈተላት። አሁንም ጠፋባት። በአራተኛው ሙከራ ሪፉና ጭብጨባው አንድ ላይ ሲያርፉ ጣቷ እዚያው ላይ ነበር፤ "እዚህ ጋ!" ብላ ጮኸች።