የአየር ኃይል ድሬሰር፦ ከኮሪያ ግንባር እስከ ጃፓን ሆስፒታል

ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ፣ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወርድ መንገዱ በአዳማ ነበር። ያኔ ናዝሬት ትባላለች። ከጅቡቲ በመርከብ ፑሳን ለመድረስ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀበት። ኮሪያ ውስጥ የቆሰለ ወታደር ግን በአውሮፕላን ተጭኖ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጃፓን ይገባ ነበር። መንገድ ላይ በሕይወት የሚያቆየው የአሜሪካ አየር ኃይል የሕክምና ሠራተኛ ነው። በእኛ የድሮ አጠራር ድሬሰር ልበለው።

ሙያው ያኔ ያን ያህል የቆየ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የበረራ ነርሶች ኬንታኪ ውስጥ ቦውማን ፊልድ በተባለ ሰፈር የተመረቁት እ.ኤ.አ. የካቲት 1943 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሕመምተኛና ቁስለኛ በአውሮፕላን ተጓጉዟል። በረራ ላይ የሞቱት 46 ብቻ ናቸው ይባላል። አየር ኃይሉ የራሱን የሕክምና ክፍል ያቋቋመው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1949 ነው። በዓመቱ ኮሪያ ተቃጠለች።

አውሮፕላኑ ዳኮታ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረበት ያው ሲ-47። ሲሄድ ጥይትና ስንቅ ይጭናል። ሲመለስ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ማሰሪያዎች ይዘረጉና ቃሬዛ በቃሬዛ ላይ ይደረደራል፤ ከ18 እስከ 24 ሰው። ጥይት የጫነ አውሮፕላን የቀይ መስቀል ምልክት መቀባት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ቁስለኛ ሞልቶ ሲመለስም ለጠላት ተዋጊ አውሮፕላን ያው ጭነት ነው። ውስጥ ያሉት ብዙ ጊዜ አንዲት ነርስና አንድ ድሬሰር ናቸው። ሐኪም የለም።

ዋናው ጣጣ ከፍታው ነው። ይሄን ለአዳማ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። እኛ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። አዲስ አበባ ላይ ክዳኑ ግጥም ተደርጎ የተዘጋ ባዶ ሃይላንድ አዳማ ሲደርስ ጭምድድ ይላል። ወደ ላይ ሲወጣ ተቃራኒው ነው፤ አየር ይነፋል። ባሕር ጠረፍ ላይ አንድ ሊትር የነበረ አየር 2,400 ሜትር ላይ አንድ ሊትር ከሢሶ ይሆናል። ያ አየር ደረቱን በጥይት የተመታ ሰው ሳንባ ዙሪያ ቢሆንስ? ወይ የተሰፋ አንጀት ውስጥ? ዳኮታ ውስጡ እንደ ዛሬ አውሮፕላን አየር አይሞላለትም። ነርሷ አብራሪውን «ዝቅ በል» ትለዋለች። ተራራና ደመና ካለ ግን የት ይሂድ?

ጄሶም ሌላ ጉዳይ ነው። እግሩ በአዲስ ጄሶ የታሰረ ቁስለኛ ከመሳፈሩ በፊት ጄሶው ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። እግሩ መንገድ ላይ ቢያብጥ ደም እንዳይታገድ ነው። ሞተሩ ሲጮህ ደግሞ በልብ ማዳመጫ ምንም አይሰማም። ድሬሰሩ በጣቱ የልብ ምት እየቆጠረ የከንፈርና የጥፍር ቀለም ያያል። ኮሌታ ላይ ባዶ የሞርፊን ቱቦ ተሰክቶ ካገኘ ሰውየው መርፌውን ወስዷል ማለት ነው። መድገም ሊገድለው ይችላል።

የከፋው ፈተና ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ቾሲን ሐይቅ አካባቢ ነበር። ኅዳር 1943 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በቻይናዎች የተከበበው የአሜሪካ ጦር በረዶ ከሆነ መሬት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ማረፊያ ቆፈረ። በቀናት ውስጥ ከ4,000 በላይ ሰው በአየር ወጣ። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይደርስ ነበር። የባሕር ኃይል ድሬሰሮች የሞርፊን ቱቦው እንዳይረጋ አፋቸው ውስጥ ይይዙት ነበር። በአዳማ ፀሐይ ላደገ ሰው ይሄ ተረት ይመስላል።

የቀረው ጊዜ ግን አብዛኛው ደም የሌለበት ነው። ጧት የሕመምተኛ ሰልፍ፣ ክትባት፣ የአባላዘር በሽታ፣ ተቅማጥ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ዳር አምቡላንስ ይዞ መጠበቅ። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ደም የሚያፈስ ትኩሳት መጥቶ በሦስት ሺህ የሚቆጠር ወታደር ይዟል። ቫይረሱ የታወቀው ጦርነቱ ካበቃ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ወባም ነበር፤ ያውም ቫይቫክስ የሚባለው፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚያገረሸው። ወደ አገራቸው ለሚመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች መርከብ ላይ ፕሪማኪን ይታደል ነበር። ዛሬ እኛም አገር ለዚሁ ወባ የሚታዘዘው እሱ ነው።

የቃኘው ልጆች እግረኛ ነበሩ፤ አየር ኃይላችን ኮሪያ አልዘመተም። ጀቶቹ ከአገር የወጡት በ1954 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት ኮንጎ ሲሄዱ ነው። ኮሪያ ላይ ከቃኘው ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል። የተዋጉት በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ስለነበር ቁስለኞቻቸውም ያለፉት በአሜሪካኖቹ የሕክምና መስመር ነው። ከግንባር የሕክምና ጣቢያ ወደ ድንኳን ሆስፒታል፣ የባሰበት በሄሊኮፕተር፣ ከዚያም ወደ ጃፓን።

ድሬሰሩ አማርኛ አይችል፣ ብዙው ወታደር እንግሊዝኛ አይችል። የሚያናግረው ልብሱ ላይ የታሰረው ካርድ ነው፦ ስም፣ የቁስሉ ዓይነት፣ ሞርፊን የተሰጠበት ሰዓት። ጃፓን ሲያርፉ ቃሬዛው ከነካርዱ ይወርዳል። ማሰሪያው ይጠቀለላል። ከዚያ ጥይቱ መጫን ይጀምራል።