ፕሮፌሽናል የሴቶች ክለብ ምንድን ነው? ዋንጫውን ለጊዜው ወደ ጎን እናድርገው

አንድ የስፖርት ተንታኝ ሰሞኑን ስለ ሴቶች እግር ኳስ ሲያወራ «ንግድ ባንክ ሞሮኮ ደርሶ ከመጣ ወዲህ ፕሮፌሽናል ክለብ ሆኗል፤ ጅማም ሦስት አራት ፕሮፌሽናል ብታስፈርም እዚያው ትደርሳለች» አለ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ሞሮኮ መሄዱን ማለቱ ነው። «ፕሮፌሽናል» የሚለውን ቃል በአንድ ትንፋሽ ሁለት ጊዜ ተጠቀመበት፣ ሁለቱንም ያለ ቦታው። አንድ ሰው ቢሆን ባለፍኩት። ግን ይኸው አባባል በየባጃጁና በየቡና ቤቱ እንደ እውነት ሲዞር እሰማዋለሁ። የስፖርት ሳይንስ ማስተማር እንጀራዬ ስለሆነ ደግሞ ተማሪዎቼም በፈተና ወረቀት ላይ ይጽፉልኛል።

በእኛ ሀገር «ፕሮፌሽናል» ማለት ወይ ከውጭ የመጣ ነው ወይ ወደ ውጭ የሄደ። በዚህ ሒሳብ አጥቂዋ ሎዛ አበራ ለደደቢት ክለብ ጎል ስታዘንብ ፕሮፌሽናል አልነበረችም። ስዊድን ኩንግስባካ ስትገባ ሆነች፤ ማልታ ቢርኪርካራ ስትገባም እንዲሁ። ወደ ሀገር ቤት፣ ወደ አዳማ ከተማም ሆነ ወደ ንግድ ባንክ፣ በተመለሰች ቁጥር «የቀድሞ ፕሮፌሽናል» ተባለች፤ አሜሪካ ዲሲ ፓወር ስትገባ ማዕረጓ ተመለሰላት። እግሯ ያው፣ አጨራረሷ ያው። የተለወጠው የአውሮፕላን ትኬቱ ብቻ ነው።

ፊፋ በተጫዋቾች ዝውውር ደንቡ ላይ ነገሩን በአጭሩ ጨርሶታል። ፕሮፌሽናል ማለት ከክለቧ ጋር የጽሑፍ ውል ያላትና ለመጫወት ከምታወጣው ወጪ በላይ የሚከፈላት ተጫዋች ናት። ሌላው ሁሉ አማተር ነው። ይህን ወደ ጅማ እናምጣው። ከትምህርት ቤት ወጥታ፣ ቦርሳዋን እንዳነገተች፣ ከአጂፕ ሰፈር በባጃጅ ልምምድ የምትመጣ የመሐል ተከላካይ አለች እንበል። ቁርጭምጭሚቷን የምትጠመጥምበት ፋሻ ከመታጠቡ ብዛት ላስቲኩ ረግቧል። ክለቡ በወር የሚሰጣት የባጃጅ ሒሳቧንና የታኬታዋን ዋጋ ቢሸፍን፣ ለእናቷም ምንም ባይተርፍ፣ አማተር ናት፤ በሊጉ ምርጥ ተከላካይ ብትሆንም። ገንዘቡን «ደመወዝ» ብሎ መጥራትም አያድናትም። ውል ተፈርሞ አንዱ ቅጂ እጇ ላይ ከሌለ ደግሞ ክርክር ሲነሳ የምታሳየው የላትም።

ተንታኛችን «ዋንጫ የሚበላ ክለብ እኮ ፕሮፌሽናል ካልሆነ ማን ይሆናል?» ይለኛል። አርሴናልን ልጥራለት፤ ደጋፊ እንደሆነ ስለማውቅ። እ.ኤ.አ. በ2007 የአርሴናል ሴቶች የስዊድኑን ኡሜኦን አሸንፈው የአውሮፓን ዋንጫ ሲያነሱ በሁለቱ የፍጻሜ ጨዋታዎች የተቆጠረችውን ብቸኛ ጎል ያገባችው አሌክስ ስኮት ናት። ይህች ልጅ በዚያው ክለብ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የወንዶቹን ማሊያ ታጥብ ነበር። የአውሮፓ ሻምፒዮን ነበሩ፤ ኑሮአቸውን ግን ኳሱ አልቻለም። የእንግሊዝ የሴቶች ሱፐር ሊግ ሙሉ በሙሉ ፕሮፌሽናል የሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ዋንጫው ቀደመ፣ ፕሮፌሽናልነቱ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ መጣ።

ሩቅ ሳንሄድም ማስረጃው እዚሁ ሰፈራችን አለ። የወንዶቹ ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ሻምፒዮን ሆነ። ያን ሰሞን ከተማው እንዴት እንደነበር ለጅማ ሰው አልነግርም። በ2014 ግን ወረደ። ዋንጫ የፕሮፌሽናልነት ማረጋገጫ ቢሆን ኖሮ በአራት ዓመት ውስጥ የት ሄደ?

ጅማ ነንና በቡና ላስረዳ። እሸት ቡና ከየገበሬው ገዝቶ፣ አልጋ ላይ አድርቆ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ አቅራቢ አለ። ጎበዝ ከሆነ የሚልከው ቡና ደረጃ አንድ ሊወጣለት ይችላል። ዛፉ ግን የእሱ አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ገበሬው ለሌላ ቢሸጥ ባዶ አልጋ ታቅፎ ይቀራል። የፊርማ ገንዘብ ከፍሎ ለአንድ የውድድር ዘመን አሥራ አንድ ኮከብ የሚሰበስብ ክለብ አቅራቢ ነው። ፕሮፌሽናል ክለብ የምለው ባለ ማሳውን ነው። ችግኝ ተክሎ ሦስት አራት ዓመት ፍሬ የሚጠብቀውን፣ ቡና አንድ ዓመት ከብዶ በሚቀጥለው እንደሚቀል የሚያውቀውን፣ ያረጀውን ዛፍ ሲጎነድል ለጥቂት ዓመት ምርት እንደሚያጣ አስቀድሞ ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባውን። የጥላ ዛፉም ነገር አለ፦ ባንኩ ወይም ማዘጋጃ ቤቱ ጥላ ነው፤ ጥላው ከበዛ ቡናው ቅጠል ብቻ ያወጣል፣ ጥላው አንድ ቀን ከተቆረጠ ደግሞ ፀሐይ ይመታዋል። እዚህ ላይ ላቁም፤ ቡና ውል አይፈርምም፣ ጉልበቱም አይበጠስም። የእኔ ሙያ የሚጀምረው ደግሞ ከዚያ ነው።

ንግድ ባንክን ዝቅ ለማድረግ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እንዲያውም የእነሱ ታሪክ ለእኔ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2021 በሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ) ዞን ማጣሪያ ፍጻሜ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ ተሸነፉ፤ በ2023 እንደገና ፍጻሜ ደርሰው በታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፉ። በ2024፣ በእኛ 2016 ዓ.ም. ክረምት፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ የኬንያ ፖሊስን ረትተው የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ገቡ፤ ሞሮኮ ላይ ከምድብ አላለፉም። በዚህ ሁሉ ዓመት ቡድኑ ተሸንፎም አልተበተነም፣ ሥልጠናውም አልቆመም። ሞሮኮ የወሰዳቸው ይህ ነው፤ ተንታኙ መድረሻውን እንደ መነሻ ቆጠረው።

እንግዲህ ክለቡ የሚገዛው ምንድን ነው? ጊዜ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2018 ለሱፐር ሊጉ ክለቦች ፈቃድ ሲሰጡ ክለቡ ተጫዋቾቹን በሳምንት ቢያንስ 16 ሰዓት በልምምድና በዝግጅት ይዞ እንዲቆይ ጠይቀዋል፤ የጨዋታ ቀን ሳይቆጠር። ቀን ሱቅ ስትጠብቅ ውላ ማታ የምትሮጥ ልጅ ይህን ሰዓት ከየት ታመጣለች? ብታመጣም ከእንቅልፏ ቀንሳ ነው፤ ያልተኛ ጡንቻ ደግሞ አያገግምም።

የገዛኸው ጊዜ ውስጥ ተጫዋቿ የማትጫወትበትም አለ። ኤሲኤል የምንለው የጉልበት ጅማት በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ይበጠሳል። ምክንያቱ አጥንት ነው፣ ሆርሞን ነው፣ ሜዳ ነው፣ የጥንካሬ ሥልጠና ማነስ ነው እየተባለ ይከራከሩበታል፤ እኔ ለመጨረሻው አደላለሁ፣ ምክንያቱም ልንለውጠው የምንችለው እሱን ነው። (በነገራችን ላይ በዝናብ ወቅት የሚጨቀየው ሜዳችን ለዚህ አይረዳም።) ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከ9 ወር በፊት መመለስ ዳግም የመጎዳትን ዕድል ከፍ ያደርጋል። አሁን ይህን ከአንድ ዓመት ውል ጋር አስቡት። የካቲት ላይ የተበጠሰች ልጅ ሐምሌ ላይ ውሏ ያልቃል፣ ገና በሁለት እግሯ በደንብ ሳትዘል። ከካምፕ ዕቃሽን አውጪ ትባላለች። ክለብን ልመዝን ስባል የዋንጫ መደርደሪያውን አላይም፤ የተጎዳችው ልጅ የት ነው የምትተኛው ብዬ እጠይቃለሁ።

እርግዝናም አለ። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ቢያንስ 14 ሳምንት ፈቃድ፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ከወሊድ በኋላ፣ ከደመወዟ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው እየተከፈላት እንዲሰጥ ደንግጓል፤ አረገዘች ብሎ ውል ማቋረጥም አይቻልም። ብዙዎች ይህን እንደ ፈረንጅ ቅንጦት ያዩታል። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነሙሉ ደመወዙ ይሰጣል። ተጫዋቿ በውል የተቀጠረች ሠራተኛ ናት ካልን የሀገራችን ሕግ ከፊፋ ይልቅ ይለግሳል።

ደመወዝ ማዘግየትንም ተንታኞቻችን «የፋይናንስ ተግዳሮት» እያሉ ያቆላምጡታል። በፊፋ ደንብ ክለቡ የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ፣ ተጫዋቿ በጽሑፍ አስጠንቅቃ 15 ቀን ከሰጠችው በኋላ በበቂ ምክንያት ውሏን አቋርጣ መሄድ ትችላለች። ይህን መብቷን የሚነግራት ሰው ግን ካምፕ ውስጥ አላየሁም።

«እሺ፣ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚለው የተንታኙ ጥያቄ ብቻ ነው ተገቢው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በወንዶች አህጉራዊ ውድድር የሚሳተፍ ክለብ የሴቶች ቡድን እንዲኖረው ማስገደዱ ጥሩ ነበር፤ ግን ግዴታ ብቻውን የሚወልደው ለማኅተም የተሰበሰበ፣ ማሊያውን ከወንዶቹ የተዋሰ ቡድን ነው። ተጫዋች አሳድጌ እሸጣለሁ የሚልም ካለ አንድ ነገር ይወቅ፦ ክለቦች ወጣት ላሳደጉበት የሚያገኙት የማሠልጠኛ ካሣ በፊፋ ደንብ ለሴቶች እግር ኳስ አይሠራም። የሚሠራው የአጋርነት ክፍያው ነው፤ የዝውውር ዋጋው 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቷ ላሠለጠኗት ክለቦች ይከፋፈላል። እሱም ቢሆን ውሏ ሳያልቅ በገንዘብ ስትሸጥ ነው። የአንድ ዓመት ውሏን ጨርሳ በነጻ ለሄደች ልጅ የአምስት በመቶው መነሻ ዜሮ ነው። ሦስት ዓመት ያስፈረመ ክለብ ግን የጉልበቷን ዘጠኝ ወር ይሸከማል፤ ስትሸጥም የሚደራደርበት ወረቀት እጁ ላይ አለ።