የሽንት አካላት ችግር ይዘው የሚወለዱ ልጆች የረጅም ጊዜ ክትትል በባሕር ዳር

አንዳንድ ልጆች ሲወለዱ ጀምሮ የሽንት አካላቸው በትክክል ያልተሠራ ይሆናል። የአንዱ የሽንት ቀዳዳ ከብልቱ ጫፍ ሳይሆን ከብልቱ በታችኛው በኩል ይገኛል። ሐኪሞች ይህን ሃይፖስፔዲያስ ይሉታል፤ በግምት ከ200 እስከ 300 ወንዶች አንዱ ላይ ይታያል። ሌላው የሽንት ቧንቧው ውስጥ ስስ ሽፋን ኖሮበት ሽንቱ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። ስፒና ቢፊዳ (አከርካሪው በማሕፀን ሳለ በደንብ ሳይዘጋ የሚቀርበት ችግር) ያለባቸው ደግሞ ነርቫቸው ስለሚጎዳ ፊኛቸው አይታዘዛቸውም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከኦፕራሲዮን በኋላም እስከ ጉልምስና ክትትል ይፈልጋሉ።

ከጣና በስተደቡብ የሚኖር ቤተሰብ ሪፈር ሲጻፍለት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ባሕር ዳር ነው። በከተማዋ አንጋፋው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ጥበበ ጊዮን ደግሞ በአዴት መንገድ ላይ ይገኛል፤ ሥራ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. አካባቢ ነው።

በአካባቢያችን ቀድሞ መነገር ያለበት የግርዛት ጉዳይ ነው። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን መገረዙ የቆየ ልማድ ነው። ሃይፖስፔዲያስ ያለበት ልጅ ግን መገረዝ የለበትም። ቀዶ ሐኪሙ አዲሱን የሽንት መስመር ሲሠራ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው በዚያው ሸለፈት ነው። ከተቆረጠ በኋላ ሥራው ይከብዳል። ስለዚህ ገራዡም አዋላጇም ቀዳዳው የት እንዳለ አይተው ቢያስቆሙ ትልቅ ውለታ ነው። ኦፕራሲዮኑ መቼ ይሁን በሚለው ሁሉም አይስማማም፤ በብዛት የሚመከረው ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው።

ፊኛው ለማይታዘዝ ልጅ ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ላፒደስ እጅን ታጥቦ በንጹሕ ካቴተር (ወደ ፊኛ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) በየጥቂት ሰዓቱ ሽንትን ማውጣት እንደሚበቃ አሳየ። የግድ እንደ ኦፕራሲዮን ክፍል ጀርም የሌለበት መሆን የለበትም። ይህ ኩላሊትን ያተርፋል። በመጀመሪያ እናት ትሠራዋለች፤ ልጁ ከፍ ሲል ራሱ ይማራል። ችግሩ ትምህርት ቤት ነው። ውሃና በር ያለው ሽንት ቤት ከሌለ ልጁ ቀኑን ሙሉ ይዞ ይውላል፤ ወይም ጭራሽ ይቀራል። እዚህ ላይ ሐኪም ብቻውን ምንም አይፈይድም። ነርስ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ መምህርም ያስፈልጋሉ።

በዚህ የቡድን ሥራ ባሕር ዳር ባዶ እጇን አይደለችም። የፊስቱላ ሕሙማንን የሚያክመው ሐምሊን ፊስቱላ ድርጅት ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያውን ማዕከሉን እ.ኤ.አ. በ2005 የከፈተው እዚሁ ነው። ፊስቱላ፣ ማለትም ሽንት ሳይቆጣጠሩት የሚያፈስ ቀዳዳ፣ አብሮ የሚወለድ ችግር አይደለም፤ በአብዛኛው በተራዘመ ምጥ የሚመጣ ነው። ሆኖም ሽንት የሚያመልጣትን ሴት በኦፕራሲዮን ብቻ ሳይሆን በፊዚዮቴራፒና በምክር መደገፍን ለዓመታት ሠርቶበታል። የድርጅቱ መሥራች ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ2020 ቢያርፉም ትምህርቱ ከተማው ውስጥ ቀርቷል። ለልጆቹም ቢተርፍ እንዴት ያምር ነበር!

ልጁ ሲጎረምስ ከሕፃናት ክፍል ይወጣል። ካርዱም ሐኪሙም ይቀየራሉ፤ ብዙው ቀጠሮ የሚጠፋው ያኔ ነው። የሽንት ቧንቧ ሽፋን የነበረበት ልጅ ኩላሊቱ የሚደክመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰውነቱ በሚያድግበት በዚያው ወቅት ነው። ስለዚህ የደም ግፊት፣ የክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና የአልትራሳውንድ ክትትል መቋረጥ የለበትም። ኩላሊቱ ጨርሶ ከደከመ ንቅለ ተከላ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህ በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። የትዳርና የመውለድ ጥያቄም በዚሁ ዕድሜ ይመጣል። ወጣቱ ወላጆቹ ፊት አይጠይቅም፤ ሐኪሙ ለብቻው ሊያናግረው ይገባል።

ስፒና ቢፊዳን በተመለከተ እናት ከማርገዟ በፊት ፎሊክ አሲድ መጀመሯ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል። የተለመደው መጠን በቀን 0.4 ሚሊግራም ነው። ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ግን ከፍ ያለ መጠን፣ 4 ወይም 5 ሚሊግራም፣ በሐኪም ይታዘዝላታል።