የኮሚሽን ሥራ ምንድን ነው? የዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሐውልት ከማቆማችሁ በፊት

«ጽንሰ ሐሳቡን ኮሚቴው ጨርሶታል። አሁን የሚቀረው ቀራፂ ኮሚሽን አድርጎ ባነሰ ዋጋ ለሚሠራው መስጠት ነው።»

ስለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ዋና መግቢያ ሲወራ አንድ አስተያየት ሰጪ የጻፈው ነው። ስሙን አላነሳም። እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ግን ይህንኑ አባባል ከኮሚቴ አባላት፣ ከግዢ ክፍል ሰዎች፣ አንዳንዴም ከራሳቸው ከአርቲስቶቹ አፍ ስሰማው ከረምኩ። በቃኝ።

ኮሚሽን ማለት ገና የሌለን ሥራ፣ ለአንድ ለተወሰነ ቦታ፣ አስቦ እንዲሠራ ለአርቲስት ከፍሎ ማዘዝ ነው። ማሰቡ ራሱ ሥራ ነው፤ ይከፈልበታል። ሐሳቡ ካለቀ የምትፈልጉት ነሐስ አፍሳሽ ወይም ጎበዝ በያጅ ነው። የተከበረ ሙያ ነው፤ ቅጠሩት። ግን «አርቲስት ኮሚሽን አድርገናል» ብላችሁ መግለጫ አታውጡ።

ከስድስት ኪሎ ወደ ላይ ትንሽ ሲኬድ ሽሮ ሜዳ ነው። እዚያ አንዱ ገበያተኛ የተሰቀለ ቀሚስ መርጦ፣ ተከራክሮ፣ በፌስታል ይዞ ይሄዳል። ግዢ ማለት ይህ ነው፤ ምንም ነውር የለውም። ሌላዋ ሰርግ አለባትና ሸማኔ ዘንድ ትሄዳለች። ሙሽራዋን ይዛ ትመጣለች። ቁመቷ ይለካል፣ ሚዜዎቹ ምን እንደሚለብሱ ይወራል፣ ቀብድ ይከፈላል። ከሳምንታት በኋላ ጥለቱን አይታ «ወርቃማው በዛ» ትላለች። ሸማኔውም የራሱ አስተያየት አለው፤ ይህ ቀለም ለዚህች ልጅ አይሄድም ይላል። የኛ አስተያየት ሰጪ ግን ሦስተኛ ዓይነት ነው። የተሰቀለውን ቀሚስ ዋጋ ይዞ ሸማኔው ቤት ይገባል። ጥለቱን ራሱ ስሎ መጥቷል። ሙሽራዋን አያሳይም። ይባስ ብሎ አምስት ሸማኔ በነፃ ሸምኖ እንዲያሳየው ይጠይቃል።

ሙሽራዋ በሩ ናት። በሩን ለአርቲስት ማሳየት ደግሞ በቴሌግራም ፎቶ መላክ አይደለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወስዶ ማቆም ነው። ተማሪው መታወቂያውን ይዞ ለፍተሻ የሚሰለፈው በየት በኩል ነው? ታክሲ የሚያራግፈው የት ነው? በመኪና የሚያልፍ ሰው ሥራውን የሚያየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ሰልፍ ላይ የቆመው ተማሪ ግን ለዓመታት፣ በየቀኑ፣ ከቅርብ፣ በሰለቸ ዓይን ያየዋል። እነዚህ ሁለት ተመልካቾች አንድ ዓይነት ነገር አይፈልጉም። ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ሐውልት ደግሞ ጠዋት ተማሪው ሲገባ ፊቱ ጨለማ ነው። ይህን ከፎቶ ማወቅ አይቻልም።

ቦታ ታሪክም አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ዋና ግቢ ውሰዱ። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው፤ ጭፍጨፋው የተጀመረውም ከዚህ ነው። ውጪ አደባባዩ ላይ ያለውን 28 ሜትር ሐውልት የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ናቸው።

እኔን ግን ይበልጥ የሚይዘኝ ውስጥ ያለው ነው። ከቀድሞው ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ጣሊያኖች የሠሩት ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ወደ የትም አይወስድም፤ አየር ላይ ያልቃል። እያንዳንዱ እርከን አንድ የፋሽስት አገዛዝ ዓመት ነው። ከድል በኋላ ደረጃው አልፈረሰም። ጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አለቀ። እነዚያን ሁሉ እርከኖች የወጣው እሱ ሆነ። በኪሎ ቢመዘን ከአደባባዩ ሐውልት ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን ያንን አንበሳ አንስታችሁ ሌላ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ብታስቀምጡት የአትክልት ጌጥ ይሆናል።

አሁን «ኮሚቴው የጨረሰውን ጽንሰ ሐሳብ» እንይ። ስንቱን አየሁ መሰላችሁ። ክፍት መጽሐፍ፣ ችቦ፣ ሉል፣ የምረቃ ቆብ፤ ቦታ ከተረፈ ጀበና። የትኛውም ከተማ፣ የትኛውም በር ላይ ቢቆም ለውጥ የለውም። ኮሚቴው መጻፍ ያለበት ቢጋር ነው፤ ማለትም ከሥራው የሚፈለገውንና ገደቡን የሚገልጽ ሰነድ። ይህ በር ለማን ነው? ምን ያህል ገንዘብ አለ? መቼ ይድረስ? የትኛው ዛፍ አይነካም? የቴሌና የውሃ መስመሩ በየት ያልፋል? ከዚያ በኋላ አርቲስቱን መተው ነው። «ሐውልት» የሚለውን ቃል እንኳ ባትጽፉት እመርጣለሁ። መልሱ ግድግዳ ላይ ያለ ሞዛይክ ሊሆን ይችላል፤ ተማሪ የሚቀመጥበት የድንጋይ አግዳሚ ሊሆን ይችላል።

ካራካስ የሆነውን ተመልከቱ። የቬንዙዌላ ማዕከላዊ ዩኒቨርሲቲን የነደፈው ካርሎስ ራውል ቪያኑዌቫ ለትልቁ አዳራሽ አሜሪካዊውን ቀራፂ አሌክሳንደር ካልደርን ጋበዘ። መጀመሪያ የታሰበው ከአዳራሹ ውጪ የሚሆን ሥራ ነበር። መሐል ላይ የአዳራሹን ድምፅ የሚያጠኑት መሐንዲሶች ገቡበት። ሥራው ወደ ውስጥ ገባ። ከጣሪያውና ከግድግዳው ላይ የሚንሳፈፉ ባለቀለም «ደመናዎች» ሆነ። ድምፁን የሚያስተካክሉትም እነዚያው ደመናዎች ናቸው። ይህ በ1953 እ.ኤ.አ. ነው፤ ግቢው በ2000 በዩኔስኮ ተመዘገበ። ካልደር የተጠራው ባለቀ ንድፍ ላይ ዋጋ እንዲሞላ ቢሆን ኖሮ ደመናዎቹ አይኖሩም ነበር።

«ባነሰ ዋጋ» የሚለው ነገር ደግሞ አለ። ሐውልት ሲረክስ የሚቀነሰው ከየት እንደሆነ ልንገራችሁ። ከነሐሱ ውፍረት፣ ከውስጥ ብረቱ፣ ከመሠረቱ። ወይም ነሐስ መስሎ ቀለም የተቀባ ፋይበር (ፋይበርግላስ) ይመጣል። ፋይበር ኃጢአት አይደለም፤ ፋይበር ነው ተብሎ ከተሠራ። ፀሐይ ላይ በቆየ ቁጥር ቀለሙ ይገረጣል፣ ይሰነጣጠቃል። ነሐስ ብሎ ለሸጠው ሰው ግን ችግሩ የእሱ አይደለም፤ ክፍያውን ወስዶ ሄዷል።

ታዲያ እንዴት ይደረግ? በቀድሞ ሥራቸው ሦስት ወይም አራት አርቲስቶች ይመረጡ። በሩን ይዩ። ለእያንዳንዳቸው የንድፍ ክፍያ ይሰጥና ሥዕል፣ ማኬት (የሥራው ትንሽ ናሙና) እና የወጪ ዝርዝር ያቅርቡ። ያልተመረጠው ማኬት ሐሳቡ የሠሪው ነው፤ «ከዚህ እግሩን፣ ከዚያ ራሱን» ብሎ ማዳቀል የለም። ማኬት ደግሞ ትንሹ ሐውልት አይደለም። ሲተልቅ የሚለወጥ ነገር አለ፤ አርቲስቱ «ይህን አስተካክላለሁ» ሲል አጭበረበረ አትበሉ። ውሉ በደረጃ ይከፈላል፦ ቀብድ፣ ማኬቱ ሲጸድቅ፣ በሙሉ መጠን የተሠራው የሸክላ ቅርጽ ሲታይ፣ ተተክሎ ሲያልቅ። የግዢ ክፍሉ «መመሪያው አይፈቅድም» ይላል። ለማማከር አገልግሎት ቴክኒካልና ፋይናንሻል በሁለት ኤንቨሎፕ ተቀብሎ ለጥራት ነጥብ ሲሰጥ ግን ማንም አልከለከለውም።

ሳትጠይቁኝ ስለ መሠረት አንድ ነገር ልበል። አፈሩ ጥቁር መረሬ ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቀራፂው ስለዚህ ላያውቅ ይችላል፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። የስትራክቸር መሐንዲስ ከመጀመሪያው ቀን ይግባ፤ ክፍያውም ከአርቲስቱ በጀት ላይ አይቀነስ። ሌላው ውሃ ነው። የነሐስ ሐውልት ውስጡ ባዶ ነው። ውሃ በሆነ ቀዳዳ ይገባል። ታች ማፍሰሻ ከሌለው እዚያው ይቀመጣል፣ ብሎኑን ይበላል።

የሸማኔው ምሳሌ የማይሠራው እዚህ ላይ ነው። ቀሚሱ ከሰርጉ በኋላ ታጥቦ ሳጥን ይገባል። ሐውልቱ ዝናብ ላይ ይቀራል። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ላይ «አልማ ማተር» የምትባል የሎራዶ ታፍት የነሐስ ሥራ አለች፤ በ1929 እ.ኤ.አ. ተመርቃ በ1962 አሁን ወዳለችበት መግቢያ የተዛወረች። በ2012 ለእድሳት ተነሣች። ከፍተው ሲያዩ ጉዳቱ ከተገመተው በላይ ሆነ፤ ብሎኖቹ ዝገዋል። የተመለሰችው በ2014 ነው፤ ወጪውም መጀመሪያ ከተያዘለት በእጅጉ በለጠ። ያውም ባለሀብት ዩኒቨርሲቲ ነው። እኛ ጋ በጀቱ የሚዘጋው ሪባኑ የተቆረጠ ቀን ነው። በዓመት አንዴ የሚያጥበውና ሰም የሚቀባው ማን ነው? ስሙ ሳይሆን የሥራ መደቡ ውል ላይ ይግባ፤ ሰው ይቀየራል።

መንገድ ሲሠራ ሐውልቱ ቢነሣ ምን እንደሚደረግም ውሉ ላይ ጻፉ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2013 እ.ኤ.አ. ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ተነሥቶ በ2016 ነው የተመለሰው። የዩኒቨርሲቲ አጥርም ይገፋል። ሥራው መነሣት ቢኖርበት አርቲስቱ ይጠየቃል ወይስ በማግስቱ ከጋዜጣ ያነባል?

የምረቃው የእብነ በረድ ሰሌዳ ላይ ፕሬዚዳንቱ አሉ፣ የክብር እንግዳው አሉ፣ ኮንትራክተሩም አይጠፋም። ሠሪው ብዙ ጊዜ የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ የሰሌዳውን ጽሑፍ ቃል በቃል ከውሉ ጋር አያይዙት፤ የምረቃው ዕለት ጠዋት «ቦታ አልበቃንም» እንዳትሉት።